ሦስተኛ ፎቅ ላይ በዊልቸር የሚኖር ወንድም፦ አደጋ ሲመጣ ማን ያወርደዋል?

ጥያቄ፦ «ልደታ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፤ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። በ2017 ሌሊት ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ የብሎኩ ሰው ሁሉ እየሮጠ ወረደ። እኔም ልጄን አቅፌ ወረድኩ። እሱ ቤት ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወረዳ ሄጄ አስመዝግቤዋለሁ፤ አደጋ ቢደርስ መጥተው ያወጡታል? ወይስ ተበድሬም ቢሆን ግራውንድ ላይ ቤት ልከራይ? ቀን ቀን እኔ ሥራ ነኝ፣ ልጄም ትምህርት ቤት ነው፤ እሱ ብቻውን ነው የሚውለው። ጎረቤት እንዳናግር ደግሞ አይፈቅድም። ‹እንደ ሸክም እንዲያዩኝ አልፈልግም› ይለኛል።»

ምላሽ፦ ወረዳ ማስመዝገብዎ ጥሩ ነው። ግን ያ መዝገብ ወንድምዎን ከሦስተኛ ፎቅ አያወርደውም። ወረዳ ላይ አካል ጉዳተኛ የሚመዘገበው በአብዛኛው ለድጋፍ ነው፤ ለሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ፣ ለጤና መድን፣ ዊልቸር ሲገኝ ለማከፋፈል፣ በበዓል ሰሞን ለሚሰጥ ዱቄትና ዘይት። ወረዳው ስላወቀው ብቻ በእሳትና አደጋ መጥሪያው በ939 ላይ ስልክ የሚያነሳው ሰው ያውቀዋል ብለው አይቁጠሩ። ስልኩን ያነሳው ሰው የሚያውቀው በዚያች ደቂቃ እናንተ የምትነግሩትን ነው።

ይህን የምለው የማንንም ሥራ ለማሳነስ አይደለም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች ሰው ሁሉ የሚሸሸው ቦታ የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ግን መኪናቸው መንገድ ይፈልጋል። ትራፊክ አለ። የተቆፈረ መንገድ አለ። የኮንዶሚኒየሙ መግቢያ ላይ ግራና ቀኝ የቆሙ መኪኖች አሉ። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲያያዝ የመንገዱ መጥበብና የሰው መጨናነቅ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ምን ያህል እንዳስቸገረ ሁላችንም ሰምተናል። መሬት ተንቀጥቅጦ ብዙ ሰፈር በአንድ ጊዜ ቢደውል ደግሞ ወረፋው ራሱ ረጅም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃዎች በዚያ ሰዓት ብሎኩ ውስጥ ባለው ሰው እጅ ናቸው። ምክሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ወንድምዎ የሚያስፈልጉት በስም የታወቁ፣ የቤቱን ቁልፍ የያዙ፣ እንዴት እንደሚያነሱት የተለማመዱ ጎረቤቶች ናቸው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ፤ ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት እሷ ናት የምታንገበግብዎት። ወንድምዎ ቤት በመቅረቱ ከወረዱት ሰዎች የባሰ አደጋ ላይ አልነበረም። መሬት በሚንቀጠቀጥበት ቅጽበት ደረጃ ከመጥፎዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ሰው ይገፋፋል፣ በጨለማ ይወድቃል፣ ይረጋገጣል። ከሕንፃው ሥር ብቅ ሲሉ ደግሞ ከላይ መስታወት፣ የግድግዳ ልስን፣ የሳተላይት ዲሽ ሊወርድ ይችላል። ያኔ የተሰማን መንቀጥቀጥ መነሻው አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነው፤ ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲህ ከሩቅ የሚመጣ ንዝረት መሬት ላይ ላለው ሰው ብዙም ሳይሰማ ፎቅ ላይ ያለውን ያወዛውዛል። ፎቁ ተወዛወዘ ማለት ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። እርስዎ ልጅዎን ይዘው ስለወረዱ ወንድምዎን ለሞት ጥለውት አልሄዱም። ይህን ለእሱም ይንገሩት፤ ምናልባት እሱም በውስጡ ይዞት ይሆናል።

ንዝረቱ እስኪያልፍ ማንም ሰው፣ እግሩ ደህና የሆነም ቢሆን፣ ባለበት ሆኖ ራሱን መከለል ነው ያለበት። ዊልቸር ላይ ላለ ሰው አደራረጉ ከባድ አይደለም። ከመስኮት፣ ከቁም ሣጥንና ከቴሌቪዥን ፈቀቅ ይላል። የዊልቸሩን ፍሬን በሁለቱም በኩል ይይዛል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱንና አንገቱን በክንዶቹ ወይም በትራስ ይሸፍናል። አልጋ ላይ ከሆነ ለመነሳት አይታገልም፤ እዚያው ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ያደርጋል። ስለ መውረድ የሚታሰበው መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። ግድግዳው ከተሰነጠቀ፣ የጋዝ ሽታ ካለ ወይም የሆነ ቦታ እሳት ከተነሳ ይወርዳል። ከሌለ እዚያው ይቆያል፤ ተከታይ ንዝረት ሊኖር ስለሚችል ግን ስልኩን አጠገቡ ይይዛል። ዛሬ ማታ ቤት ሲገቡ ሁለት ነገር ይሥሩ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ጋር ያሳስሩ። ከአልጋው ራስጌ በላይ የተሰቀለ ከባድ ነገር ካለ ያውርዱ።

እሳት ግን ሌላ ነው። እውነቱን ለመናገር ከመሬት መንቀጥቀጥ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ በከተማችን ከመሬት መንቀጥቀጥ ይልቅ በየጊዜው የሚደርሰው እሱ ነውና። እንደ እናንተ ባለ የሲሚንቶ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው። ጭስ ወደ ላይ ይሄዳል፤ መንገዱም ደረጃው ነው። እሳቱ ከራሳችሁ ቤት ከተነሳ ወንድምዎ ምንም ሳይሰበስብ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፣ በሩን ከኋላው ይዘጋል፣ ይጮኻል። በሩን ክፍት ትቶ መውጣት ጭሱን ለብሎኩ ሁሉ መልቀቅ ነው። እሳቱ ከታች ከሆነና ደረጃው በጭስ ከታፈነ ደግሞ መውጣት የለበትም። በሩን ይዘጋል። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በእርጥብ ፎጣ ይወትፋል። በረንዳ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ሆኖ ይደውላል፣ ነጭ ልብስ ያውለበልባል። የተዘጋ በር ጭስን ለደቂቃዎች ይይዛል፤ እነዚያ ደቂቃዎች ሰው ያድናሉ። በረንዳው ወይም መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ከሆነ፣ ከውስጥ የሚከፈት እንዲሆን ከአከራዩ ጋር ተነጋግራችሁ ብረት ሠራተኛ አስጠሩ። የሌባ ፍራቻ ይገባኛል። የማይከፈት ፍርግርግ ግን በእሳት ጊዜ ወጥመድ ነው።

ይህን የሚያነብ የሌላ ሰፈር ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። «ዘግቶ መጠበቅ» የሚሠራው በሲሚንቶ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ነው። አራዳ ወይም አዲስ ከተማ ውስጥ ተያይዘው በተሠሩ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች፣ በተለይም የማዳበሪያ ኮርኒስ ባላቸው፣ እሳቱ በጣሪያው ሥር ከቤት ቤት ይሮጣል። እዚያ መጠበቅ የለም። ጭስ እንደታየ አካል ጉዳተኛው መጀመሪያ ይወጣል፣ ዕቃ ከዚያ በኋላ ነው። ስንት ጊዜ ፍራሽና ቴሌቪዥን መንገድ ላይ ተከምሮ ሰው ውስጥ እንደሚፈለግ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሆነ ሰው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፤ ወንድምዎ ጎረቤት እንዳይነገር ወደማለቱ። ትክክል የሆነ ነገር እየተናገረ ነው። ብዙ ሰው አካል ጉዳተኛ ሲያይ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «እኔን!» ወይም «ምስኪን» ነው። ከዚያ ገላውን ሳያስፈቅድ ይነካዋል፣ ዊልቸሩን ሳይጠይቅ ይገፋዋል፣ ስለ እሱ እያወራ እህቱን ያያል። ይህን በየቀኑ የሚቀምስ ሰው በሩን ቢዘጋ አይገርምም። ስለዚህ እርስዎ ሄደው ጎረቤት አይለምኑለት። ዕቅዱ የእሱ ይሁን። ቁልፍ ማን እንደሚይዝ እሱ ይምረጥ። ማን እንዲያነሳው፣ ማን እንዳይነካው እሱ ይወስን። አነሳሱን የሚያስተምረው ራሱ ነው፤ ስለ ሰውነቱ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት «ስለ እኛ ያለ እኛ ምንም» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። እሱ በበኩሉ ለብሎኩ የሚሠራው ሥራም አለ። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለው እሱ ነው፤ ስልክ አለው። ጭስ ሲሸት፣ ሕፃን ብቻውን ሲያለቅስ፣ ውኃ ቧንቧ ሲፈነዳ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። የብሎኩ ደዋይ እሱ ይሁን። ይህን የምለው ለማባበል አይደለም፤ በአደጋ ጊዜ ረጋ ብሎ የሚደውል ሰው ከሚሮጠው እኩል ያስፈልጋል።

ማንን ይምረጥ? ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጉልበት ያላቸውን ወጣቶች ይመርጡና እነሱ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰፈር የሉም። የቀን ቡድንና የሌሊት ቡድን መለየት ያስፈልጋል። ለሌሊቱ አጠገባችሁ ያሉትና ከሥራችሁ ያሉት ቤቶች ይሁኑ፤ ከላይ ያሉት ሲወርዱ በበራችሁ ስለሚያልፉ እነሱም ይጨመሩ። ለቀን ግን ሌላ ሰው ነው የሚፈለገው። ግራውንድ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነው። የግቢው ጥበቃ አለ። መግቢያው ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ልጅ ማን ቤት እንዳለ፣ ማን እንደወጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። ጡረታ የወጡ አባት ባይሸከሙም በር መክፈት፣ መደወልና የሕንፃውን በር ላይ ቆሞ መኪና ማስለቀቅ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ተሸካሚ እንዲገኝ ስድስት፣ ሰባት ሰው ማወቅ አለበት። አንድ ሰው ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም፤ በዚያች ቀን ክፍለ ሀገር ሄዶ ይሆናል።

አነሳሱን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ በመልካም ልብ የሚደርስ ጉዳት ብዙ ነው። ወንድምዎ በእጁ ወይም በብብቱ ተጎትቶ መነሳት የለበትም። ዊልቸር የሚገፋ ሰው ትከሻው እግሩም ነው። እግሮቹም ተንጠልጥለው ደረጃ መምታት የለባቸውም። ለዓመታት ያልተራመደ ሰው የእግር አጥንት ይሳሳል፤ ሲሰበር ደግሞ አይሰማውም። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የሚጠቀም ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ቱቦው የትም እንዳልተያዘ ይታይ።

በጣም ጥሩው መንገድ በእጅ በሚገፋው ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ ማውረድ ነው። ፊቱ ወደ ታች፣ ወደሚወርድበት ይሆናል። ጠንካራው ሰው ከኋላው፣ ከላይ በኩል ሆኖ እጀታውን ይይዝና ዊልቸሩን ወደ ራሱ ያዘነብላል፤ ክብደቱ በትልልቆቹ የኋላ ጎማዎች ላይ ይሆናል። ሁለተኛው ከፊት፣ ከታች ሆኖ ዋናውን የብረት ፍሬም ይይዛል። የእግር ማሳረፊያውንና የክንድ ማሳረፊያውን መያዝ የተከለከለ ነው፤ መሐል ደረጃ ላይ ይነቀላሉ። ሦስተኛው ሰው ፊት ፊት እየወረደ መንገድ ያስለቅቃል፣ ሲደክማቸውም ይተካል። የወንድምዎ ደረትና ወገብ በነጠላ ከወንበሩ ጋር ይታሰር። አንድ ሰው ብቻ ይቁጠር፤ አንድ ደረጃ፣ ቆም፣ አንድ ደረጃ። መታጠፊያው ላይ ያርፋሉ። በባትሪ የሚሠራ ከባድ ዊልቸር ያለው ሰው ግን ወንበሩን ይተወዋል፤ ሰውየው ብቻ ነው የሚወርደው።

ዊልቸሩ ካልተገኘ ጠንካራ የእንጨት ወይም የብረት ወንበር ይሆናል። የፕላስቲክ ወንበር በጭራሽ አይሞከር፤ እግሩ ይታጠፋል። የመጨረሻው አማራጭ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ላይ አጋድሞ፣ አራት ሰው ጫፎቹን ጠቅልሎ ይዞ ማውረድ ነው። በገጠር ብዙ ቦታ የቃሬዛ ማኅበር አለ። በሽተኛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ወይም ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ ተራ ያለው፣ ያልመጣ የሚቀጣበት ማኅበር ነው። ከተማ ስንገባ አምቡላንስ አለ ብለን ተውነው፤ አምቡላንስ ግን ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም። የኮንዶሚኒየም ብሎክ ይህንን ማኅበር መልሶ ያስፈልገዋል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ነው እድር የሚገባው። እድር ለሞት ብቻ ነው የሚለው አነጋገር እውነት አይደለም። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመን ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማገዝ ይዘው ነበር። እድር ዝርዝር አለው፣ ስብሰባ አለው፣ መልእክት ማስተላለፊያ አለው፤ ድሮ ጡሩምባ ነፊው፣ አሁን ቴሌግራሙም ተጨምሯል። የሌለው ነገር ቢኖር በዚህ ጉዳይ የጠየቀው ሰው ነው። ስትጠይቁ ገንዘብ አትጠይቁ። ሦስት ነገር ጠይቁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በአደጋ ጊዜ ለማውረድ እገዛ የሚያስፈልጋቸው አባላት» የሚል ነጥብ ይግባ። ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች በስም ይመረጡ። በዓመት ሁለት ጊዜ ልምምድ ይደረግ፤ አንዱ ከክረምት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። እድሩ በደብዳቤ ከጠየቀ ደግሞ ከእሳትና አደጋ ኮሚሽኑ ግንዛቤ፣ ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ለማግኘት መሞከር ይቻላል። በግል ከሚቀርብ ጥያቄ የተደራጀ ጥያቄ ይሰማል።

ተከራይ ናችሁና «እድሩ አያስገባንም» ትሉ ይሆናል። የመመዝገቢያው ክፍያ ከባድ የሆነባቸው እድሮች አሉ፤ ለተከራይ በራቸውን የሚዘጉም አሉ። እንዲያ ከሆነ የብሎኩን ኮሚቴ ያዙ። እሱም ከሌለ አንድ እሁድ ስድስት ቤት ጠርታችሁ ቡና አፍሉ። የሚያስፈልገው ማኅተም ሳይሆን ሰው ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ተነስተው ወደ ዳር የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች ያጡት ነገር ይህ ነው። ቤቱ አዲስ ቢሆንም፣ ሲጮኹ የሚሰማው ጎረቤት የዓመታት ሥራ ነበር። አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤተሰብ አዲስ ሰፈር ሲገባ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ መጋረጃ መስቀል ሳይሆን ግራ ቀኙን ማወቅ ይሁን።

ስለዚህ ግራውንድ ላይ ቤት ልከራይ ወይ ለሚለው መልሴ ይህ ነው። በአቅማችሁ የሚገኝ ከሆነ አዎ፣ ተከራዩ። ግን ለአደጋ ብላችሁ ሳይሆን ለየቀኑ ኑሮው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ፀሐይ ለመሞቅ እንኳ ሰው ይጠብቃል። ይህ ከማንኛውም እሳት በላይ ሰው ይጎዳል። ተበድሮ መከራየትን ግን አልመክርም። የዕዳ ጭንቀት ላይ የምትወድቅ እህት ለእሱም አትሆነውም። መጀመሪያ በዚያው ግቢ ግራውንድ ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ ካለ ተከራይ ጋር ቤት መቀያየር ይቻል እንደሆነ ደላላም ሳይገባበት ጠይቁ። ከግቢው ሳይወጡ መቀየር የሚያውቃችሁን ጎረቤት አያሳጣም። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ቀበና፣ ግንፍሌ ወይም ሌላ ወንዝ ዳር ያለ ግራውንድ ቤት ከሆነ ከመዋዋላችሁ በፊት በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ይገባ እንደሆነ ለአከራዩ ሳይሆን ለጎረቤት ጠይቁ። ጎርፍ ለዊልቸር ተጠቃሚ ከደረጃ የከፋ ነው።

ቁልፍ። አንዱ ፊት ለፊታችሁ ያለው ቤት፣ ሌላው ከታች ባለው ሱቅ ወይም ጥበቃው ጋ ይቀመጥ። ሥጋት ካለ በታሸገ ፖስታ ይሁን፣ ወንድምዎ ፊርማውን በመታሸጊያው ላይ ያሳርፍ፤ ከተከፈተ ያውቃል። ቀን ቤት ውስጥ እያለ ከውጭ ቆልፎ መሄድ ፈጽሞ አይቻልም። ብዙ ቤተሰብ ለደኅንነቱ ብሎ ያደርገዋል፤ የሚፈራበትን አደጋ ራሱ ይፈጥራል። ከሰልም አይዘንጋ። ሳይሰማው እግሩ ሊቃጠል ስለሚችል ከሰል ምድጃና ትኩስ ውኃ ከእግሩ አጠገብ አይቀመጥ፤ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ከሰል አይቀጣጠል።

ስልክ። 939 እሳትና አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ። ከበሩ ጀርባ በትልቁ ይጻፉ። ከሥሩም የሚነገረው ነገር ይጻፍ፤ ሰው ሲደነግጥ የራሱ ቤት ቁጥር ይጠፋበታል። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የኮንዶሚኒየሙ ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር፣ በየትኛው በር እንደሚገባ። ከዚያ «መራመድ የማይችል ሰው አለ»። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሚመጣው ቡድን ትልቅ መረጃ ናት። አንድ ሰው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል፤ በእኛ ከተማ አድራሻ የሚገኘው በሰው ነው።

ቦርሳ። አንድ የጀርባ ቦርሳ ከዊልቸሩ ኋላ ይንጠልጠል። የሳምንት መድኃኒት፣ የማዘዣው ቅጂ፣ ካቴተርና ጓንት፣ የመታወቂያና የጤና መድን ደብተር ቅጂ፣ በወረቀት የተጻፈ ስልክ ቁጥር፣ የኪስ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፓወር ባንክ፣ ውኃ። ከሁሉ በላይ ግን የዊልቸሩ መቀመጫ ትራስ አብሮት ይውረድ። ሰው ይህን ይረሳል። ስሜት የሌለው ገላ በጠንካራ ነገር ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ቁስል ሊጀምር ይችላል፤ ያ ቁስል ወራት ይፈጃል፣ ሰውም ይገድላል። ውጭ ሲቆይ ቀዝቃዛም ይሁን የጋለ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ። ተቀምጦ ከሆነ በየግማሽ ሰዓቱ በክንዱ ከፍ እያለ ወይም ወደ ጎን እያዘነበለ ያሳርፈው።

ብሎካችሁ ውስጥ አካል ጉዳተኛው ወንድምዎ ብቻ ላይሆን ይችላል። መስማት የተሳነው ሰው ጩኸቱንም ጡሩምባውንም አይሰማም፤ ቁልፍ ያለው ሰው ገብቶ መብራት እያበራና እያጠፋ ወይም ትከሻውን ነክቶ ይቀሰቅሰዋል። ዓይነ ስውር ሰው አይጎተትም፤ ክርንዎን ይሰጡታል፣ እሱ ይይዛል፣ ከፊት ያለውን ይነግሩታል። ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ በጩኸቱ ደንግጦ አልጋ ሥር ሊገባ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው፣ የሚያመጣውም የሚያውቀው ሰው ነው። ሊፍት ባለው ሕንፃ የሚኖር ሁሉ ደግሞ በእሳት ጊዜ ሊፍት ውስጥ አይግባ፤ መብራት ሲጠፋ መሐል ላይ ይቆማል።

ስለ መብት አንድ ነገር ልበል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በአደጋ ጊዜ የአካል ጉዳተኞችን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲደረግ ይላል። ስለዚህ ወረዳውን አትተዉት። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ወንድምዎ የት ፎቅ እንዳለና ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልገው ዘርዝሩ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ቅጂውን ያዙ። ብሎኩ ወይም እድሩ አብሮ ቢፈርም ይበልጣል። የዚህ መንገድ ወሰኑ ጊዜ ነው። ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ ወራት ሊሄዱ ይችላሉ፤ የጎረቤቱ ሥራ እስከዚያ አይጠብቅም። የጎረቤቱም ወሰን አለው። ደረጃው በጭስ ሲሞላ ማንም ጎረቤት ነፍሱን ይስጥ ብለን አንጠይቅም፤ በሩን ዘግቶ መጠበቅን ወንድምዎ ጠንቅቆ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቁርጥ ያለው ምክሬ፦ አሁን ባላችሁበት ቤት ቆዩ። በዚህ ሳምንት ከወንድምዎ ጋር ተቀምጣችሁ ስሞቹን እሱ ይጻፍ። በሚቀጥለው እሁድ ሰዎቹን ቡና ጥሩ፤ ንግግሩን እሱ ይክፈት። መጀመሪያ ባዶውን ዊልቸር አውርዱና አውጡ። ቀጥሎ ከወጣቶቹ አንዱ ይቀመጥበትና ይውረድ፤ ተሸካሚው ምን እንደሚያስፈራ ያኔ ይገባዋል። ወንድምዎ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ፣ እሱ «አሁን» ሲል ነው። መጀመሪያ ቀን አንድ ፎቅ ብቻ ይበቃል። ማንም ወገቡን የሚያመው ካለ ተሸካሚ አይሁን፣ ቁልፍ ያዥ ይሁን። ሰው ቤት በለቀቀ ቁጥር ዝርዝሩ ይታደስ። ግራውንድ ላይ ቤት መፈለጉን ጎን ለጎን ቀጥሉ፤ ሲገኝም እዚያው ግቢ ውስጥ ይሁን።